የአባትሽ ጭቃና የወንድምሽ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ብዙም ሳንርቅ 400 ካሬ ቦታ አለን። የራሳችንን ቤትና ለእንግዳ የሚከራዩ ሦስት ክፍሎች ልንሠራ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭቃ ቤት ሲሠሩ የኖሩ አናጢ ናቸው። ‹ዕቃው እዚሁ እግራችን ሥር ነው፣ ሲሚንቶ ምን ያደርጋል?› ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ ምሕንድስና ተምሯል። ሙቀቱንና ንፋሱን በኮምፒውተር ሳላሰላ አንድ ድንጋይ አላስቀምጥም ይላል። እኔ መሃል ገብቼ ቀርቻለሁ። የአገር በቀሉን እውቀትና ዘመናዊውን ቴክኖሎጂ እውነት ማቀናጀት ይቻላል? ወይስ ለወሬ ብቻ ነው?»

መልስ፦ ይቻላል፣ ለወሬም አይደለም። ግን በየቦታው «ባህላዊና ዘመናዊ የተጣመረበት» ሲባል የማየው አብዛኛው ሥራ የብሎክ ቤት ሠርቶ በረንዳው ላይ ሳር መክደን ነው። ያ ሳር ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ግድግዳውንም ከዝናብ አያድንም። አባትሽ የሚያውቁት ሳሩ ለምን በዚያ ውፍረትና በዚያ ቁልቁለት እንደሚከደን ነው። ቤታችሁ ውስጥ መግባት ያለበት እሱ ነው።

የምመክርሽ ቅደም ተከተል ቀላል ነው። መጀመሪያ አባትሽን ጠይቂ። ቀጥሎ ለኩ። መጨረሻ ላይ ወንድምሽ ያስላ። ብዙ ወጣት ባለሙያ ከመጨረሻው ይጀምራል። ኮምፒውተር የሚያሰላው የተነገረውን ብቻ ነው። ምን ሊነገረው እንደሚገባ የሚያውቁት ደግሞ በዚያው አፈር ላይ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

እናንተ ቤት ክርክሩ ስለ ግድግዳ ይመስለኛል፣ ጭቃ ወይስ ብሎክ በሚል። እኔ ከጣሪያው እጀምር ነበር። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትመጣለች፣ አንዴ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ አንዴ ነሐሴ አጋማሽ ላይ። ነሐሴ ላይ ደመናው ይጋርደናል። ሚያዝያ ላይ ግን የሚጋርድ ነገር የለም፣ ወሩም ከዓመቱ ሞቃታማዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ክፉውን ሙቀት የሚቀበለው ጣሪያው ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በዚያ ሰዓት ከ50 ዲግሪ በላይ ይግላል። ሥሩ የተቀመጠ ሰው አናቱ የሚነድደው ለዚህ ነው። ግድግዳውን በምንም ብትሠሩት ይህንን አይመልስላችሁም።

የሰንበሌጥ ክዳን ይህን ይመልስ ነበር። በወፍራሙ ሲከደን በሳሩ መሃል የታፈነው አየር ሙቀቱን ይይዘዋል። ታዲያ ለምን ተውነው? እሳት አለ፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ሳሩም እንደ ድሮው አይገኝም። አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ሳሩን ከነፍሳትና ከመበስበስ ይጠብቀው የነበረው ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ነው። ዛሬ ምግቡ በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ይበስላል፣ ጭሱ ከቤት ወጥቷል። ለሳንባችን በጣም ጥሩ ነው። ሳሩ ግን ጠባቂውን አጣ። ያለ ጭስ የተከደነ የሎጅ ሳር ቶሎ የሚበላሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የአሮጌ እውቀት አንዱን ቁራጭ ነጥለሽ ስትወስጂ ከምን ጋር ተያይዞ ይሠራ እንደነበር ጠይቂ። አባትሽ ይነግሩሻል።

ለእናንተ የምመርጠው ቆርቆሮ ሆኖ ሥሩ ሁለተኛ ጣሪያ ያለው ነው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት ይኑር። አየሩ ከክፈፉ (ከግድግዳው አልፎ ከሚወጣው የጣሪያ ጠርዝ) ሥር ገብቶ በጣሪያው አናት ይውጣ፣ ሁለቱም በኩል ወንፊት ይደረግበት። ኮርኒሱን ከቀርከሃ ምንጣፍ ሥሩት። እንጅባራ አካባቢ ቀርከሃውም ሠሪውም አለ። በምንጣፉ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጭድ የበዛበት ጭቃ ይለሰን። ክብደቱን ወንድምሽ ያስላው፣ ተሸካሚው እንጨት ቀጭን ከሆነ ያጎብጠዋል። ቀርከሃውን ነቀዝ እንዳይበላው ድሮ ጭስ ይጠብቀው ነበር። አሁን ቦራክስ የሚባል ጨው መሰል ኬሚካል በተሟሟበት ውሃ ዘፍዝፎ ማድረቅ ይቻላል፣ ዋጋውም አይጎዳም።

ወደ ግድግዳው ልምጣ። ወንድምሽ ሶፍትዌሩን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ትንንሽ የሙቀት መዝጋቢዎች ይግዛ። የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ናቸው፣ በየ10 ደቂቃው ይመዘግባሉ። አንዱ አሁን ባላችሁበት ጭቃ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ጎረቤት ብሎክ ቤት ውስጥ፣ በሰው ቁመት፣ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ ይንጠልጠሉ። መጋቢት ውስጥ ሁለት ሳምንት በቂ ነው። ከዚያ የሚታየው የሙቀቱ መጠን ብቻ አይደለም፣ ሰዓቱም ነው። ውጭው በጣም የሚሞቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ ያንን ሙቀት ከ4 እስከ 6 ሰዓት አዘግይቶ ያስገባዋል። ማለትም ልክ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት። ምዕራብ የሚያይ መኝታ ቤት ላይ ይህ ጥሩ ዜና አይደለም። እንግዳሽ ሊተኛ ሲል ግድግዳው ይሞቃል። ምዕራቡን ግድግዳ ብቻ ወደ 35 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ብታወፍሩት ግን ሙቀቱ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት አካባቢና ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ውጭው ቀዝቅዟል፣ መስኮት ከፍቶ ማስወጣት ይቻላል። አባትሽ «ጭቃ ቤት ቀን ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ይሞቃል» ሲሉ ትክክል ናቸው። መዝጋቢው የሚጨምርላቸው የትኛው ግድግዳ በስንት ሰዓት እንደሆነ ነው።

ንፋሱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ሶፍትዌሩን የሚያርመው የሐይቁ ሰው ነው። ጣና አካባቢ ቀን ቀን ንፋሱ ከሐይቁ ወደ የብሱ ይነፍሳል፣ ሌሊት ከየብሱ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ቀድሞም ይቀዘቅዛል፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። በታንኳ የሚሻገር ሰው በማለዳ የሚነሳው፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉን የሚፈራው ለዚህ ነው። ወንድምሽ ከኢንተርኔት በነጻ የሚያወርደው የአየር ንብረት ፋይል ግን ብዙውን ጊዜ ከሳተላይትና ከትልልቅ ሞዴሎች የተቀዳ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የናሳው መረጃ አንዱ ሳጥን ስፋቱ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሐይቁም ከተማውም ገጠሩም አንድ ላይ ይደባለቃል። የሐይቁ ንፋስ እዚያ ውስጥ ይጠፋል። ሶፍትዌሩ «እዚህ በቂ ንፋስ የለም፣ ኤሲ አስገቡ» ቢላችሁ አትደንግጡ። ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ አስራችሁ ግቢው ውስጥ ትከሉ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ወዴት እንደሚውለበለብ መዝግቡ። በእጅ የሚያዝ የንፋስ መለኪያ ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። ያንን ቁጥር ለሶፍትዌሩ ስጡት።

ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተ ደቡብ ስለሆነች የቀኑ ንፋስ በአብዛኛው ከሰሜን በኩል ይመጣላችኋል። በሰሜን ዝቅ ያለ መስኮት፣ በደቡብ ከፍ ያለ መስኮት አድርጉ። ወባ ስላለ ወንፊት ግድ ነው። ወንፊት ግን ንፋሱን በጣም ይቀንሳል፣ አንዳንዴ እስከ ግማሽ። ስለዚህ መስኮቱ ያለ ወንፊት ከምታስቡት አንድ ተኩል እጥፍ ይስፋ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘነጋታል፣ በኋላ ክፍሉ ታፈነ ብሎ ወንፊቱን ይቀድዳል።

አሁን ጭቃው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

አባትሽ አፈሩን በእጃቸው አርጥበው እንደ ጣት ያንከባልሉታል። ቶሎ ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል። ሳይቆረጥ ረዝሞ እጅ ላይ ከተጣበቀ ዋልካ ነው። ወንድምሽ ደግሞ ያንኑ አፈር በመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያድርግ፣ ውሃ ይሙላበት፣ ቆንጠር ጨው ይጨምርበት፣ በደንብ ይናጠውና ያስቀምጠው። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ደቃቁ በሰዓታት ይወርዳል። ሸክላው ቀን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። በማግስቱ ሦስቱን ንብብር በማስመሪያ ይለካ። ከዚያ አባትሽ ጋር ቁጭ ብለው ያነጻጽሩ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሌላ ጉድጓድ ቆፍረው ይድገሙት። ባሕር ዳር ውስጥ ቀይ አፈርና ጥቁር ዋልካ ጎን ለጎን ይገኛሉ፣ አንድ ግቢ ውስጥ እንኳ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ለግድግዳ ብቻውን አይሆንም። መሠረት የሚቀመጥበት ከሆነም ቆፍሮ ማውጣት ይሻላል።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለምን ለሳምንታት እንደሚተው ታውቂ ይሆናል። አባትሽ ጠረኑን አሽትተው ነው «ደረሰ» የሚሉት። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም። ጭዱ እየበሰበሰ ሲሄድ የሚያጣብቅ ነገር ይለቃል። ጭቃው ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ስንጥቁም ይቀንሳል። «ሥራው ይፍጠን» ተብሎ በተቦካ በማግስቱ የሚለጠፍ ጭቃ ቶሎ ይረግፋል። ይህንን ጊዜ በፕሮጀክት መርሐ ግብራችሁ ውስጥ አስገቡት። ወንድምሽ ሠንጠረዥ ሲሠራ «ጭቃ ማሰንበት» የሚል መስመር ይኑረው።

ሲሚንቶን በተመለከተ ከአባትሽ ጋር ነኝ፣ በአንድ ቦታ ላይ። ጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን አትለጥፉ። ከተማው ውስጥ በጣም የተለመደ ነው፣ መጀመሪያም ያምራል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው። ጭቃው ሲያብጥና ሲሸበሸብ አብሮት አይሄድም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከገባ በኋላ መውጫ አያገኝም። ከላይ ደህና የሚመስለው ልስን ሥር ጭቃው ይፈርሳል። በጣትሽ መታ መታ ስታደርጊው ባዶ ድምፅ ከሰጠሽ ነገሩ አልቋል። በሱ ፋንታ ኖራ ተጠቀሙ። ኖራ ያስተነፍሳል። ለእኛም አዲስ አይደለም። የጎንደር ግንቦች በኖራ ነው የተሠሩት። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአላታ ድልድይ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የተሠራው፣ ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ነው።

ሲሚንቶ የሚጠቅማችሁ ከታች ነው። አባትሽ ምሰሶውን መሬት ውስጥ መቅበር ይፈልጉ ይሆናል። ጫፉን በእሳት ለብለብ አድርጎ፣ አመድ ጨምሮ መቅበር የታወቀ ዘዴ ነው። ግን ባሕር ዛፍ ነው ያለን፣ ወይራና ጽድ አይደለም። ባሕር ዛፍ አፈሩን በሚነካበት ልክ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይወደዋል። ምሰሶው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ በብረት ጫማ ይቁም። ጥቁር ድንጋይ እንደሆነ ባሕር ዳር ሞልቷል፣ ከተማዋ የቆመችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። መሠረቱ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ማያያዣው ሲሚንቶ ይሁን። አንዳንዱ ምሰሶውን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከሐይቁ አጠገብ ናችሁ፣ ዘይቱ መጨረሻው የት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ግድግዳውን ከዝናብ የሚያድነው ደግሞ ክዳኑ ነው። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይተሽ ከሆነ ልብ በይ። ሥዕሎቹ ያሉት መሃል ላይ በመቅደሱ ግድግዳ ነው። በዙሪያው ሌላ ክብ አለ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ መዞሪያ አለ፣ ክዳኑ ሁሉንም አልፎ ይወርዳል። ጠፈጠፉ ከግድግዳው ርቆ ነው የሚወድቀው። በሥዕል የተሸፈነ ግድግዳ ዝናብ በሚበዛበት አገር ለዘመናት የቆየው በዚህ አቀማመጥ ጭምር ነው። የዛሬ ቤቶች ክፈፍ ለቆርቆሮ ቁጠባ ሲባል አጥሯል። እናንተ ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር አውጡት። ጠፈጠፉ የሚያርፍበት ላይ ጠጠር አፍስሱ፣ አለዚያ ጭቃው እየተረጨ የግድግዳውን ሥር ይበላዋል።

ስለ ውሃው ብዙ አልልም፣ ስሌቱ ቀላል ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። ጣሪያችሁ 120 ካሬ ቢሆን፣ የሚባክነው ተቀንሶ በዓመት ከ130 ሺህ ሊትር በላይ ይሰበሰባል። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ባለ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ ሊሞላው ምንም አይቀረውም። ክረምቱን በሙሉ ማከማቸት አይቻልም። ስለዚህ ትርፉ የት ይሄዳል የሚለው ከሮቶው ብዛት በላይ ያሳስበኛል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የቆሸሸው ውሃ ነው። እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም ጣና ላይ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከሚመግቡት ነገሮች አንዱ ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እያንዳንዱ ግቢ ድርሻ አለው። የመጸዳጃውን ውሃ በደንብ በታሸገ ሴፕቲክ ታንክ ያዙት። የእጅና የገላ መታጠቢያውን ውሃ ደግሞ ደንገል፣ ያ ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ በተተከለበት መደብ አሳልፉት። መጀመሪያ ቅባትና ቆሻሻ የሚቀርበት ትንሽ ጉድጓድ፣ ከዚያ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው በጠጠር የተሞላ መደብ፣ በጠጠሩ ላይ ደንገል። ለአንድ ሰው ከ1 እስከ 2 ካሬ ሜትር ይበቃል። እናንተና እንግዶቻችሁ 12 ሰው ብትሆኑ 20 ካሬ ግድም ነው። ውሃው ከጠጠሩ ገጽ በታች ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ትንኝ አይፈለፈልበትም። ከመሠረቱ ቆፍራችሁ ያወጣችሁትን ዋልካ አትጣሉት፣ ለመደቡ ሥር ጥሩ ማሸጊያ ነው። ሁልጊዜ ስለሚረጥብ አይሰነጠቅም። ከላዩ ፕላስቲክ ብትደርቡበት ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ደንገል የውሃውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ግንዱ ይስባል። ካልታጨደ ግን ደርቆ ይወድቅና ያንኑ መልሶ ለውሃው ይሰጣል። የምሕንድስና መጻሕፍት «በየጊዜው ይታጨድ» ብለው ያልፋሉ። እንዴት እንደሚታጨድ የሚያውቁት በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። የበሰለውን መርጠው፣ ለጋውን ትተው፣ ሥሩን ሳይነቅሉ ይቆርጡታል። ከሱ ታንኳ ይሠራሉ፣ ምንጣፍ ይሠራሉ። የሐይቁ ዳር ደንገል እየተመናመነ ሲሄድ ይህ ሙያም አብሮ እየተጎዳ ነው። ስለዚህ ደንገሉን የሚተክልላችሁና የሚያጭድላችሁ ሰው ከእነሱ ቅጠሩ። ደግሞ እንደ ቀን ሠራተኛ አትክፈሉት። ወንድምሽ ለስሌቱ የሚከፈለውን የሚያህል ዋጋ አለው። ይህን የምለው ከልቤ ነው። እውቀቱን ወስደን ባለቤቱን በር ላይ የምናቆምበት ሥራ እኔ ማቀናጀት አልለውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን የአባትሽን ትዝታ ብቻ ይዛችሁ እንዳትወስኑ። ውሃው እስከየት ይመጣል በሚለው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ ነው የሚመራው። እ.ኤ.አ. በ2003 በጣም ዝቅ ብሎ ጀልባዎች መሄድ አቅቷቸው ነበር። ከዚያ በፊት «ውሃው እዚህ ደርሶ አያውቅም» የተባለ ቦታ ዛሬም እንደዚያ ነው ማለት አይደለም። ሰንቲነል የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ፎቶ ያነሳሉ፣ በነጻ ይገኛል፣ 10 ሜትር የሚያህል ነገር ድረስ ለይቶ ያሳያል። ክረምት ላይ ደመናው ስለሚያስቸግር የመስከረምና የጥቅምቱን ይፈልግ። ወንድምሽ ያለፉትን ዓመታት ደርድሮ የሐይቁን ጠርዝ ያስምር። አባትሽ ደግሞ ወረቀቱን ይዘው ግቢውን ይዙሩ፣ ክረምት ላይ የት እንደሚቋጥር፣ የት እንቁራሪት እንደሚጮህ ያመልክቱ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ላይ አትሥሩ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ከዳርቻው መራቅ ያለባችሁን ርቀት ፕላን ከመሣላችሁ በፊት ከከተማው ጠይቁ።

ዛፍ ላይ አጭር ነኝ። በምዕራብ በኩል ከቤቱ 6 ሜትር ያህል ርቆ ማንጎ ይተከል፣ ጥላው ወፍራም ነው፣ የከሰዓቱን ፀሐይ ይይዝላችኋል። ቦታ ካለ ዋንዛ ጨምሩ። ባሕር ዛፍ ግቢ ውስጥ አታስገቡ፣ ዋርካም ከግድግዳ አጠገብ አይሆንም፣ ሥሩ መሠረት ያነሳል።

ከየት ልጀምር ካልሽኝ ከመዝጋቢውና ከጠርሙሱ ጀምሪ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱንና ንፋሱን ለኩ። ክረምቱን ምንም ሳትሠሩ ውሃው የት እንደሚቆም ተመልከቱ፣ በእንጨት ቸክሉበት። ጥቅምት ላይ መሠረት አውጡ፣ ጣሪያውንም ቀድማችሁ አቁሙ። ጭቃውን ኅዳር ላይ አቡክታችሁ አሰንብቱ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ምረጉ። በዚያ ወቅት ፀሐዩ ለስለስ ስለሚል ቀስ ብሎ ይደርቃል። የኖራ ልስኑ ጭቃው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ይሁን። የጠርሙሱ ውጤት ግማሹ ሸክላ ሆኖ ከመጣ ግን ኖራም ሲሚንቶም ሳትገዙ የሦስቱን ንብብር ልክ ጻፊልኝ። ስንት አሸዋ እንደሚጨመርበት አብረን እንወስናለን፣ አባትሽም በእጃቸው አይተው ያጽድቁት።